ስትሪፑ ወይን ጠጅ ሲሆን

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፤ ከዚያ የካርድ ክፍሏ ልጅ ተነሥታ «ሲስተር የማታውቀው በሽተኛ የለም፤ ሰውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በእናቱ ስም ነው የምታውቀው» ብላ ንግግር አደረገች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። «ሲስተር በደስታ አለቀሰች» እያሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ደስታ አልነበረም። አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ ለመናገር ሥራ የጀመርኩበት ድረስ መመለስ ይኖርብኛል፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ሴትዮ ያንን ስህተት እንዳልሠራ አድርገው ነበርና ያስተማሩኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ላንቻ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የስኳር ሕመምተኞች መከታተያ ክፍል ነው። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ክፍል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቀድሞ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ቤት ነው። በአንድ ጥግ የመስታወት መርፌ የምንቀቅልበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፤ በሌላው ጥግ ሦስት ሰው ከተቀመጠበት የሚንቋቋ አግዳሚ። ደመወዙን ተዉት፣ እሱን ያነሣሁ እንደሆነ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር አስካለ የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋወናቸውን ራሳቸው ተኩሰው የሚመጡ፣ ቀልድ የማይገባቸው ሴት ነበሩ።

ሲስተር አስካለ በሽተኛ ሲገባ ቁጭ ብለው አይቀበሉም። ብድግ ይላሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴም አራቴም ይስማሉ። ቢስሙት የማያምር ሰው ከሆነ ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ድረስ ተጠግተው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። እኔ ለብዙ ጊዜ ደግ ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በሁዳዴ አንዲት ሴት ስመው ገና እጇን ሳይለቁ «ካርዷን ተይው፣ ታክሲ ጥሪ» አሉኝ። ሴትዮዋ ሆስፒታል ከሄደች በኋላ ምን አይተው እንደሆነ ብጠይቅ «አፏ ይሸታል» አሉ።

«በጾም ጊዜ የማን አፍ የማይሸት አለ?» አልኩ።

«የጾም አፍ የባዶ ሆድ ሽታ ነው። የዚህችኛዋ ይጣፍጣል። የተበላሸ ሙዝና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንድ ላይ ነው። ሁለቱን መለየት ካልቻልሽ እዚህ ክፍል አትቀመጪም።»

መሳማቸው ለካ ምርመራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ስስም እያሸተትኩ መሳም ተማርኩ።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው። ሰው ምግብ ሲያቋርጥ ጉበቱ ያስቀመጠውን ስኳር ይጨርሳል፤ ከዚያ ሰውነት ወደ ስብ ይዞራል። ስብ ሲነድ ኬቶን የሚባል ነገር ይወጣል፤ አንጎልም ልብም በእሱ ይሠራሉ። በዚህ ክፋት የለም፣ ፈጣሪ ለረሃብ ቀን ያዘጋጀው ስንቅ ነው። ጤነኛ ሰው ሲጾም በደሙ ውስጥ ጥቂት ኢንሱሊን አይጠፋም፤ ልጓሙን የምትይዘው እሷ ናት። ኢንሱሊንን በመርፌ ብቻ የሚያገኝ ሰው መርፌውን ከተወ ግን ልጓም የለውም። ስቡ ያለ ከልካይ ይነዳል፣ ኬቶኑ ይከማቻል፣ ደሙ ይኮመጥጣል። በሽንት የምትነከረዋ ስትሪፕ ለጾመኛ ሮዝ ፈንጠቅ ትላለች፤ ለዚያኛው ወይን ጠጅ ትሆናለች። አብዛኛው ጾመኛማ ሮዙንም አያገኘው! ወገኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሽሮ ላይ ፓስታ፣ ከፓስታ ላይ ዳቦ ይጨምርበታል። በሁዳዴ የሚወፍር ሰው ስንት እንዳለ ሚዛን ላይ የሚያቆም ነው የሚያውቀው።

የሲስተር አስካለ ሌላው ጠባይ ሰው የሚያስቀይም ነበር። አንድ በሽተኛ ገብቶ «ሲስተር፣ አወቁኝ?» ካለ፣ ካላወቁት «አላወቅኩህም» ይላሉ። ፊት ለፊት። እኛ አገር እንዲህ ይባላል እንዴ? ሰው «አወቅሽኝ?» ካለ፣ ባታውቂውም «እንዴት አላውቅህም!» ብለሽ፣ እናቱን ጠይቀሽ፣ መርቀሽ፣ ከሄደ በኋላ ነው «ማን ነበር?» የሚባለው። እሳቸው «አላወቅኩህም፤ የማን ልጅ ነህ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለው ከሥር ይጀምራሉ። ኩራት ነው ብለው የሚያሟቸው ብዙ ነበሩ። እኔም አምቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ሰምተው ይመስለኛል፣ መርፌ እየቀቀልን ሳለ «አላወቅኩህም ማለት አያሳፍርም፤ ሳያውቁ መምከር ነው የሚያሳፍረው» አሉኝ።

ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሳምንት፣ መርፌ የሚወጉትን አንድ በአንድ ያስጠሩ ነበር። «አትጹሚ» አይሉም፤ እንደዚያ ካሉ ሰው ተደብቆ እንደሚጾም ያውቃሉ። «ነፍስ አባትሽን ይዘሽ ነይ» ነው የሚሉት። ቄሱ ይመጣሉ፣ ሲስተር አስካለ ይሳለማሉ፣ ከዚያ ሕመሙን ያስረዷቸዋል። ቄሱ «ለአንቺ ጾምሽ መርፌሽ ነው» ብለው ሲያዝዙ ሰምቻለሁ። ለሙስሊሞቹም በረመዳን እንደዚሁ ኢማማቸውን ያናግራሉ።

ሰናይት ወደዚያ ክፍል ስትመጣ ጥርሶቿ ገና የሚለዋወጡ ልጅ ነበረች። እናቷ ብርቄ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት፤ አባት የለም። ልጅቷን መርፌ መውጋት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በብርቱካን ነው ያለማመድኳት። ፍሪጅ ስለሌላቸው ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ እንዲያኖሩት አሳየኋቸው። ስትሪፑንም አስተማርኳት። «ቢጫ ከሆነ ተጫወቺ፣ ሮዝ ከሆነ ለእማዬ ንገሪ፣ ወይን ጠጅ ከሆነ ሲስተር ጋ ሩጪ» አልኳት። እንደ መዝሙር ያዘችው። ስታድግ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረች፤ ከዚያ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያዘች ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ሲስተር አስካለ ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ካዛንቺስ ወዳለ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደመወዙ ይሻል ነበር። አለቃዬ ወጣት ዶክተር ነው፤ ፈጣን፣ ጎበዝ፣ ንግግሩ ግማሹ እንግሊዝኛ። ስብ ማቅለጥ ዋና ሥራው ሆነ። የሚመጡት ከትልልቅ ቢሮዎች፣ ከሆቴሎች፣ ሠርጋቸው የደረሰ ሙሽሮች ናቸው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ይታዘዝላቸዋል፤ እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም። አንድ ነጋዴ «ሲስተር፣ ክትፎውስ ይሁን፤ ታዲያ በምን ልጠቅልለው?» ብሎ ያሳቀኝን አልረሳም።

እዚያ ነው አዲሱን ነገር የሰማሁት። ሴሎቻችን ምግብ ሲያጥራቸው የተሰበረውንና ያረጀውን የራሳቸውን ዕቃ ሰብስበው፣ አፍርሰው፣ መልሰው ይጠቀሙበታል። ስሰማ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ኮራሁ። አያቶቻችን ሳያውቁት ሰውነታቸውን ሲያጥቡ ኖረዋል ማለት ነው! ዶክተሩ ግን «ቀስ በይ፣ ሲስተር» አለኝ። «ማለቴ፣ ይሄ ነገር በደንብ የታየው በአይጥ ላይ ነው። ሰው ላይ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ገና ክሊር አይደለም።» ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር እኔ ለማንም አልነገርኩም። ወሬውን ታቀዘቅዘዋለች።

ወሬው ደግሞ ሞቆልኝ ነበር። ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ስለ ጾም የሚጠይቅ ሁሉ እኔን ይጠይቃል። በአንድ ሁዳዴ የእድራችን ሊቀመንበር ለሰፈሩ ሰው ትምህርት እንድሰጥ ለመኑኝ። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ስለ ስቡ፣ ስለ ኬቶኑ፣ ስለ ሴሎች ጽዳት ተናገርኩ። «ኢንሱሊን ሲወርድ ጽዳቱ ይጀምራል» አልኩ። እውነት ነው። በራሴ ሽንት የነከርኳትን ስትሪፕ ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነበረች። «እኔ ደካማ ስለሆንኩ ነው፤ በርትቶ የጾመ ወይን ጠጁን ያየዋል። ያንን ቀለም ያየ ደስ ይበለው!» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። «መርፌ የምትወጉ ግን ይህ እናንተን አይመለከትም» ልል አስቤ ነበር። እልልታው ሲመጣ ረሳሁት። ረሳሁት ማለትም ራሴን ማባበል ነው፤ ከእልልታ በኋላ «ግን» ማለት ስላልፈለግኩ ነው። ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼ ወረድኩ።

ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የለውም። በሕማማት፣ ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወለ። ረዳቱ ይጮሃል፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በመልስ ይጨቃጨቃሉ።

«ሄሎ፣ ሲስተር? ሰናይት ነኝ። አወቁኝ?»

ሰናይት የሚባል ሰው በዚህ ከተማ ስንት አለ! አላወቅኳትም። ድምፁ የትልቅ ሴት ነው።

«እንዴ፣ የኔ ልጅ! እንዴት አላውቅሽም!»

ሳቀች። «እኔማ የረሱኝ መስሎኝ። ሲስተር፣ ስትሪፑ እኮ ወይን ጠጅ ሆነ! ጥቁር ነው የመሰለው። አዳራሽ እንዳሉት አድርጌ ነው።»

«እሰይ! ጎበዝ! ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢበረታ!»

«ትንሽ ያቅለሸልሸኛል ግን። ውሃ ውሃም ይለኛል።»

«ያልፋል፣ ጽዳቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃ ጠጪ።»

«አክፍሎት ልይዝ አስቤያለሁ» አለች። ከዓርብ እስከ ፋሲካ እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚያሳልፉት ማለት ነው።

«ለእኔም ጸልዪልኝ» ብዬ ዘጋሁ፤ መውረጃዬ ደርሶ ነበር።

ውሃ ውሃ ይለኛል። የስኳር ክፍል ውስጥ ያን ያህል ዘመን ተቀምጬ ይህን ቃል ሰምቼ አለፍኩት። ሲስተር አስካለ ቢሆኑ «አላወቅኩሽም፤ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏት ነበር። እሷም «የብርቄ» ትል ነበር። በቃ፣ ይኸው ነበር የሚያስፈልገው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ «የብርቄ ልጅ ሞተች» ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ተዝለፍልፋ ሆስፒታል ወስደዋት፣ ፋሲካን ሳታየው አረፈች አሉ። ለቅሶ ልደርስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስሄድ የማስባት ብርቱካን የምትወጋዋን ትንሽ ልጅ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ብርቄ ስታየኝ ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ባይኖሩ በምን እጽናና ነበር! ልጄ ጸድታ ነው የሄደችው። ቀለሙ ሲወጣ እኔ ራሴ እልል ብያለሁ። ከእርስዎ ጋር አውርታ ስትጨርስማ ‹እማዬ፣ ሲስተር አወቀችኝ! አልረሳችኝም!› ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። መርፌውንም ያቆመችው ‹ሴሎቼ ይጽዱ፣ ኢንሱሊን ይውረድ› ብላ ነው። ቃልዎን አክብራ ነው።»

ይህን ጊዜ ነው የደወለችው ማን እንደሆነች ያወቅኩት። ልጅቷ ያስተማርኳትን አልረሳችም ነበር። ወይን ጠጅ ሲሆን ወደ ሲስተር ሮጣለች። ሲስተር «እሰይ» አለቻት።

ምን አልኩ መሰላችሁ? «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። እንዲያውም ሲጨምሩልኝ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ ራሴን በጥፊ መታሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፣ ግን ሆኗል።

ለራሴ ሰበብ አላጣሁም። እውነቱን ብነግራት ልጇን አልመልስላት፤ ያላትን አንድ መጽናኛ ነጥቄ ምን እጠቀማለሁ? እያልኩ በየጊዜው ልጠይቃት እሄዳለሁ፣ እሷም «እስቲ ያንን የሴሉን ነገር ይንገሩኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ። እነግራታለሁ! ልጇ እንዴት እንደጸዳች ለእናቷ እየተረክሁ ሻይዋን ጠጣሁ። የማፍረው በታክሲው ውስጥ ስላልኩት ብቻ አይደለም፤ እሱስ ችኮላ ነው ይባል። በሻዩ ነው የባሰ የማፍረው።

በዚያ ዓመት ረመዳን ከፋሲካ ብዙም ሳይርቅ ነበር የሚገባው። የሰናይት ዐርባ ሲደርስ ሴቶች በብርቄ ግቢ ተሰብስበን ሽንኩርት እንልጣለን። ጎረቤቷ ዘሐራ፣ የወሎ ሰው ናት፣ ከእኛ ጋር ስትልጥ ቆይታ ተነሣች።

«ልሂድ፣ ሰይድ ብቻውን ነው» አለች፤ ባሏ ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሲስተር፣ ብርቄ የነገረችን እንዴት ደስ አለን መሰለሽ። ሰይድም ረመዳን ሲገባ መርፌውን ሊተው ነው። ያ ቀለም ይምጣልኝ እያለ ነው» አለችኝ።

ብርቄ ራሷን ነቀነቀች። «ይምጣላቸው» አለች፣ ከልቧ።

ዘሐራ ወጣች። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ብርቄን በእጇ ይዤ ጓዳ አስገባኋት።

«ብርቄ፣ ሰናይት አልጸዳችም» አልኳት።

«ምን አሉ?»

«የሞተችው መርፌዋን በመተዋ ነው። ቀለሙ ጽዳት አልነበረም፤ ደሟ እየተመረዘ ነበር። አዳራሹ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው እንዳይሞክረው መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ስትደውልልኝም አላወቅኳትም። ለይሉኝታ ነው ‹እንዴት አላውቅሽም› ያልኳት። ባውቃት ኖሮ በዚያው ታክሲ እመጣላት ነበር።»

የበርበሬ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። ውጭ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ የሽንኩርቱ ሽታ ይገባል።

«እኔ እልል ብያለሁ» አለች። «ልጄ እየሞተች እልል ብያለሁ።»

እግሯ ሥር ወደቅኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ብርቄ፣ የእኔ ነው» አልኩ። አልሰማችኝም መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ጋሽ ሰይድ መርፌያቸውን ሳይተዉ እንድረስባቸው» ብላ ተነሣች። ተከተልኳት።

ጋሽ ሰይድ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ዘሐራ ገና ጫማዋን አላወለቀችም። ብርቄ ቁመቷን አስተካክላ ቆመች።

«ጋሽ ሰይድ፣ የነገርኩዎትን ይርሱት። መርፌውን እንዳይተዉ። ልጄ የሞተችው መርፌ ትታ ነው።»

ዘሐራ አፏን ያዘች። «እንዴ! ሲስተር አይደለች እንዴ...»

«ሲስተርማ በደንብ ነግራን ነበር» አለች ብርቄ፣ ፈጥና። «መርፌ የሚወጋ ሰው አይሞክረው ብላ ነበር። እኔ ነኝ አጣምሜ የሰማሁት። ልጄን ያበረታታኋትም እኔ ነኝ።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ወዲያው ገባኝ። ጋሽ ሰይድ የሰፈሩን ወሬ ትተው መርፌያቸውን የሚይዙት ነርሷን ካመኑ ነው። ነርሷ እንደ ማንም ሰው ተሳስታለች ከተባለ ግን ማንን ሊሰሙ ነው? የልጇ ዐርባ ሳይወጣ፣ ገና አሁን የነገርኳትን ነገር ተሸክማ፣ ይህን አሰበች።

ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው፣ ሲስተር?»

ብርቄ አየችኝ። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«እውነት ነው» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ በዚያ ረመዳን መርፌያቸውን አልተዉም፤ ኢማማቸውም መጾሙን ከለከሏቸው። እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ሰፈሩ ግን፣ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ጭምር፣ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ብርቄ የሲስተርን ምክር አልሰማ ብላ ልጇን እንዳጣች ነው።